ሁለተኛ ተናጋሪ ያጣ ቃል

ሚስቴ ባረፈች በዓመቱ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ከእኔ የባሰ ሥራ ፈት ጡረተኛ መምህር አልተገኘም መሰለኝ፣ የአካባቢያችንን ቃል የመልቀም ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ይዛው የመጣችው ከዩኒቨርሲቲ የተላከች ልጅ ናት።

«አባባ፣ ቃሉ አንዴ በደንብ ከተመዘገበ፣ ጽሑፍ የሚያነበውም ሆነ ሰው ሲናገር የሚያዳምጠው ኮምፒውተር ከዚያው መዝገብ ይቀዳል። ነገ ሌላ ሰው ሌላ መሣሪያ ቢሠራ እንደ አዲስ አይለቅምም» አለችኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬ የሚሰማኝ ተማሪ ሳላገኝ፣ በስተርጅና የሚያዳምጠኝ ማሽን መጣ ብዬ ተቀበልኩ።

ሕጉ አንድ ነው። ቃሉን እኔ በስልክ እቀዳለሁ፤ ከዚያ ሌላ ሰው፣ ትርጉሙ ሳይነገረው፣ ምን ማለት እንደሆነ በራሱ አንደበት ይናገራል። ቃልም እንደ መሬት ውል እማኝ ይፈልጋል ማለት ነው። ከሰጠችኝ የቃላት ዝርዝር ውስጥ ለሞፈሩም ለቀንበሩም ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ስኳር እየመዘነ መሰከረልኝ። «ሙቀሪት» ላይ ስንደርስ ግን ቆምን።

ሙቀሪት እሳቱ ከጠፋ በኋላ ጉልቻው ላይ የሚቆየው ሙቀት ነው። ሚስቴ ነበረች የምትለው። «ይምጡ እንጂ፣ ሙቀሪቱ ሳያልቅ እግርዎን ያሙቁ» ትለኛለች። አንቱ የምትለኝ ስታኮርፍ ብቻ ነው፤ ኩርፊያዋ አይጠፋም፣ እግሬም በርዶት አያውቅም ነበር።

ባለሱቁ «አንቱ የፈጠሩት እንዳይሆን» አለኝ። ጎረቤቶቼም አያውቁትም። የሴት ድምፅ አስመስዬ ራሴው ልመስክር ብዬ ሞከርኩ። መልሼ ስሰማው ጉንፋን የያዛት ፍየል ሆኛለሁ። አጠፋሁት።

ሚስቴ የተወለደችው አንበሳሜ አካባቢ ነውና በገበያ ቀን በሚኒባስ ሄድኩ። ቅቤ ሻጮቹን አንድ በአንድ ጠየቅሁ።

«እኒህ ሰውዬ ምን ጠፍቷቸው ነው?» ተባባሉ።

በዕድሜ እኔን የምታህል አንዲት ሴት ፊቴን አየችው መሰለኝ፣ ቅቤዋን በቅጠል እየሸፈነች፣ «አልሰማሁትም። ግን አውቃለሁ ብልዎት ምን ይጎድልብኛል? ምን ልበል?» አለችኝ።

ስልኩን አውጥቻለሁ፤ መንካት ብቻ ነው የቀረኝ። ትርጉሙን ነገርኳት። ቀስ ብላ፣ አሳምራ ደገመችው። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ቃሉ ግን በአፏ ውስጥ እንግዳ ሆነብኝ፤ ቤቴ ገብቶ የት እንደሚቀመጥ የማያውቅ ሰው መሰለኝ። አመስግኛት ሳልቀዳ ተመለስኩ።

ከቀናት በኋላ ልጅቱ ደወለች።

«አባባ፣ ሙቀሪት ሁለተኛ ተናጋሪ የለውም። ልጠብቅ ወይስ ላውጣው?»

«ነበረው» ልላት አፌን ከፈትኩ።

«አውጪው ልጄ። ማሽኑ እንደሆነ እግር የለው፣ ምኑን ያሞቅበታል» አልኳት።

ሳቀች፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ብቻዬን ትንሽ ሳቅሁ። ከዚያ ዝርዝሩን ይዤ ወደ ባለሱቁ ተሻገርኩ። ቀጥሎ ያለው ቃል ሙክት ነበር። ቃሉን ጠርቼ ሳልጨርስ ትርጉሙን ነገረኝ።