በሐራጅ የሄደችው የስፌት ማኪና

ባለፈው ሐምሌ፣ አዘዞ ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው የትርሲት ፀጉር ቤት በሩ ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፎበት አደረ። «ታሽጓል» ይላል። የሌሊቱ ዝናብ ቀለሙን ወደ ታች ቢያወርደውም ማኅተሙ ከነግርማው አለ። ትርሲት ዓይኗ እስኪያብጥ አልቅሳ መጣችና «እትዬ፣ በቃ፣ የፀጉር ማድረቂያ ካስኩንም ወንበሮቹንም ሸጬ ግብሩን ከፍዬ እገላገላለሁ» አለችኝ።

«እንዳታደርጊው!» ብዬ ጮኽኩ። ልጅቷ በእሷ የተቆጣሁ መስሏት ክው አለች። የተቆጣሁት ግን በአንድ ሽማግሌ ነበር፤ እሱም ካረፈ ቆይቷል።

አባቴን ሰው ሁሉ አያ አለሙ ይለዋል። ከከተማችን ፒያሳ ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ ቤት፣ መስኮቱ ሥር በተቀመጠች አንዲት የስፌት ማኪና ልብስ ይሰፋ ነበር። በአዘቦቱ ሱሪ ያሳጥራል፣ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። ታኅሣሥ ሲጋመስ ግን ቤቱ ሌላ ቤት ይሆናል። ጥምቀት ቀርቧልና ደብሮቹ የተቀደደ ካባቸውንና ታቦት ሲወጣ ከላይ የሚዘረጋውን ድባባቸውን ተሸክመው ይመጣሉ። ቀሳውስቱ ደጃፉ ላይ የጠዋት ፀሐይ እየሞቁ ተራ ይጠብቃሉ። በጾም ቀን እናቴ የምታመጣው የሱፍ ፍትፍት ሽታ ከአዲስ ሐር ሽታ ጋር ይደባለቃል። እኔ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከትምህርት መልስ የድባቡን ዘርፍ እሰፋለሁ። ያን ሁሉ ወርቀ ዘቦ ያየ ሰው ብር የሚታፈስበት ቤት ይመስለዋል።

አባቴ ግን ከደብሮቹ ሰባራ ሳንቲም አይቀበልም። እኔ ሳልወለድ ቀኝ እጁ አብጦ መርፌ መያዝ አቅቶት ነበር አሉ። ያኔ ተሳለ፤ እጁ ከተመለሰለት ታቦት ለሚያጅብ ጨርቅ ዋጋ ላይጠይቅ፣ ይህንንም ከቤቱ ሰው በቀር ለማንም ላይናገር። የምናውቀው እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። ቄሶቹ «ሒሳቡስ?» ሲሉት «የከፈለ ሰው አለ፤ ጸልዩለት» ይላቸዋል። እነሱም የማያውቁትን ከፋይ ሲመርቁ፣ አባቴ ፊታቸው ቆሞ «አሜን» እያለ ምርቃቱን ይቀበላል። እኔ ሳቄን ለማፈን ከጠረጴዛው ሥር መርፌ የወደቀብኝ እመስላለሁ።

የቀን ገቢ ገማቾቹ የመጡት እንዲህ ባለ ሰሞን ነው። ትንሽ ነጋዴ ሒሳብ አይዝምና በቀን ምን ያህል እንደሚያገኝ አይተውና ጠይቀው ይገምታሉ፤ የዓመቱም ግብር ከዚያው ግምት ይወጣል። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሥራቸው ነው።

«አያ አለሙ፣ ሥራ እንዴት ነው?» አለ አንደኛው።

«ተመስገን፤ ሸጋ ነው።»

ሌላው ነጋዴ ገማች ሲያይ ሥራ እንደ ሞተ ሊነግራቸው ይሽቀዳደማል። አባቴ ዘንድ ግን የእግዜርን ስጦታ ማማረር ነውር ነው።

«ለእነዚህስ ይከፈልዎታል?» ድባቦቹን አሳየው።

አባቴ መቀሱን አንስቶ ጨርቅ መቁረጡን ቀጠለ። ተራ ሲጠብቁ የነበሩ አንድ ቄሰ ገበዝ የረዱት መስሏቸው «ምነው፣ ይከፈላቸዋል እንጂ! ሁልጊዜ የከፈለ ሰው አለ ይሉናል» አሉ። እናቴ «ኧረ እሱ…» ብላ ስትጀምር አባቴ ቀና ብሎ አያት። ገማቹም ይከፈለዋል ብሎ ጻፈ።

ግምቱ ሲመጣ እናቴ ራሷን ያዘች። ከወረቀቱ ግርጌ፣ ግምቱ ያልተስማማው ሰው በተሰጠው ቀን ውስጥ ምክንያቱንና ማስረጃውን ይዞ ቅሬታ ማቅረብ እንደሚችል ተጽፏል። ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

«ምን ብዬ ነው የማቀርብ?» አለ። «ለእግዜር የሠራሁትን ቆጥሬ ላስመዝግብ? ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ነው የተባለ።»

«ግራህ አትወቅ አለ እንጂ ገቢዎች አይወቅ አላለም!» አለች እናቴ።

እሱ እንኳ ሳቀ። ሐሳቡን ግን አልለወጠም። ቀኑ አለፈ፤ ቅጣትና ወለድ ተጨመረ። ማስጠንቀቂያ መጣ፣ ሌላም መጣ፤ በሩ ታሸገ። እሱን ተከትዬ የግብር ቢሮ የሄድኩበት ቀን አይረሳኝም። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሠራተኛ በትሕትና «አባቴ፣ የሚሉት ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀው። አባቴ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ «የለኝም» አለ። ለእሱ የነበሩት መንገዶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ወይ ስእለቱን መናገር፣ ወይ ማኪናዋን መስጠት። ለእኔና ለእናቴም ሦስተኛ መንገድ አልታየንም።

ማኪናዋ በሐራጅ ተሸጠች። የገዛት ሰው ወደ ዛሪማ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ጭኖ ወሰዳት። አባቴ እንዳትሰበር ብሎ ገመዱን ራሱ አጠበቀላት።

ከዚያ ወዲያ ቤት ተቀምጦ በእጁ ይሰፋ ነበር፤ ዓይኑ እስኪደክም። በየጥምቀቱ ዳር ቆሞ የሚያየው ታቦቱን ከጋረደው ድባብ ዘርፉን ነበር። ዘርፉ የረገፈበት ሲያልፍ ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ። በስእለቱ ተጸጽቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሊያርፍ አካባቢ፣ «ማኪናዋ ግን አሳዘነችኝ» አለኝ። 

ትርሲት አልቅሳ በመጣች ማግስት ይዣት ገቢዎች ቢሮ ሄድኩ። ልጅ እግር ሠራተኛ አዳመጠቻትና «ግምቱ ላይ ቅሬታ አለሽ?» አለቻት።

«የለኝም። ልክ ነው። ያጣሁት ብሩን ነው።»

«እንግዲያው ከፋፍለሽ ለመክፈል ጠይቂ። የተወሰነውን አሁን ትከፍያለሽ፣ ለቀረው የጊዜ ሰሌዳ ይወጣል። ከተፈቀደልሽ እሽጉ ይነሳል፤ ቀጠሮውን ግን እንዳታሳልፊ።»

«ምን ብላ ትጻፈው?» አልኩ ጣልቃ ገብቼ።

«በአንድ ጊዜ መክፈል አልችልም፣ በቃ።»

«ይህ ነገር ድሮም ነበር?»

«ነበር እኮ እማማ። የሚጠይቅ ነው የጠፋው።»

በሳምንቱ ትርሲት በሯን ከፍታ መስታወቷን ስትወለውል ከመስኮቴ አየኋት። እጇን አውለበለበችልኝ። እኔም አውለበለብኩላትና ገብቼ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ስለ ድባቦቹ ምንም ሳይተነፍስ፣ «በአንድ ጊዜ አልችልም» ብቻ ማለት ይችል ነበር። ይህ ቃል ስእለት አያፈርስም። ማኪናዋም መስኮቱ ሥር እንዳለች ትቀር ነበር።