ጠበል የነካው ሞተር

ባደግኩባት ታከር ከተማ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ይዞኛል። ዝናብ የነካው የጋለ ብረት ሽታ በመስኮት ሲገባ ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

አባዬ ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ውስጥ የስፖርት መኪናውን ኮፈን ከፍቶ ጠበል ያስረጫል። አጎቴ ይስቅበታል።

«አሁንም ይሄ የድሮ ፑሽሮድ ሞተር? የእኔ ሞተር ቫልቭ የሚከፍተው ካምሻፍት አናቱ ላይ ነው።»

«የእኔ ሆዱ ውስጥ ነው፤ ይበቃኛል።»

«እሺ፣ ሃይዌይ ላይ እንተያይ!»

ጠበሉ የጋለው ሞተር ላይ ቸስ አለ። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጆቼ፣ ሁለቱም ቀይ መብራት ላይ ይቆማሉ» አሉ።

አሁን አጠገቤ አንድ ሞተር ያጓራል። ዞር ብዬ አየሁ፤ የአባዬ የስፖርት መኪና ነው። አባዬ ካረፈ ወዲህ መኪናውን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። መሪውን የያዘው አጎቴ ነው፤ ሬዲዮውን ዘግቶ ሞተሩን ያዳምጣል። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም።