ሰማንያው ቀን ሳይሞላ

ባለፈው ሳምንት ለክርስትና ተጠርቼ ሲሬ ሄጄ ነበር። የተጠመቀችው የወንድሜ የልጅ ልጅ ናት። ዶሮውም ጠላውም ያለ ስስት ቀረበ። ሕፃኗ ሜሮን ሜሮን እየሸተተች ከእቅፍ ወደ እቅፍ ስትዞር እኔም ጋ ደረሰች። ሰውነቷ ትኩስ ነበር። ቶሎ ብዬ አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴት አቀበልኳት። «እትዬ ወርቄ ልጅ አይወዱም» ብለው እንደሚያሙኝ አውቃለሁ። ይሙኝ።

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ነቀምቴ፣ አሁን በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር ስንኖር፣ እናቴ ሴት ልጅ ወለደች። አባቴ ከጎጃም የመጣ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። በእኛ በኦርቶዶክሶች ሥርዓት ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ከታመመች ግን ቄስ ተጠርቶ ቀኑ ሳይደርስ ትጠመቃለች። ክረምት ነበር። ሕፃኗ ማሳል ስትጀምር እናቴ «ቄሱን ጥራልኝ» ብላ አባቴን ለመነችው። እሱ ግን ወግ ወዳድ ሰው ስለነበር ዘመዶቹ ከጎጃም መጥተው እልል እንዲባልለት ይፈልግ ነበር።

«ጉንፋን ነው፣ ይለቃታል። ልጄን እንደ ዲቃላ በጓዳ አላስጠምቅም» አላት።

ጉንፋን አልነበረም። አንድ ጠዋት ከንፈሯ ሲጠቁር አባቴ ጃንጥላ እንኳ ሳይዝ በዝናቡ ሮጠ። ቄሱ ካባቸው ውሃ ጠጥቶ ሲገቡ ትንፋሿ ከቆመ ትንሽ ቆይቶ ነበር። እናቴ ከእቅፏ አላወርድም አለች።

«አባ፣ ገና ትሞቃለች እኮ! ያጥምቁልኝ!»

ቄሱ ደረቷን ዳሰሱና እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ልጄ፣ ጥምቀት ለሕያው ነው።»

«ይንኳት! ትሞቃለች!»

«ነካኋት» አሉና አለቀሱ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑማ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር።

ክርስትና ላልተነሳ ሕፃን ፍትሐት የለም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥም አይቀበርም። አባቴ ይህን ሲሰማ ግድግዳውን ተደገፈ። ለቅሶውን ሰምታ የመጣችው ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ነበረች። ጴንጤ ስለሆነች አባቴ እምብዛም አይቀርባትም ነበር።

«ሃዳ ወርቄ» አለቻት፤ የወርቄ እናት ማለቷ ነው። «ጓሮዬ፣ ቡናው ሥር ቦታ አለ። ዋቃዮ፣ አምላካችን፣ ልጅ ከደጁ አይመልስም።»

አባቴ ዶማውን አነሳ። የቡናው ሥር እያስቸገረው ቆፈረ። እናቴ አራስ ስለነበረች ቤተ ክርስቲያን መግባት አይፈቀድላትም፤ እዚያ ጓሮ ግን ጭቃው ላይ ቆማ ልጇን ቀበረች። አዴ ጫልቱ በኦሮምኛ ስትጸልይም «አሜን» አለች።

እናቴ አርጅታ ነው የሞተችው። የነፍስ አባቷ በመጡ ቁጥር «ልጄ የት ናት?» ትላቸው ነበር፤ እሳቸውም «የእግዚአብሔር ፍርድ አይመረመርም» ይሏታል። መድከሟ ሲበረታ አንድ ቀን እጄን ያዘች።

«ወርቄ፣ እኔ መቼም ፍትሐት ይደረግልኛል። እሷ ወደሌለችበት ብገባስ?»

ዕድሜዬን ሙሉ መምህር ነበርኩ፤ ልጆች ለሚጠይቁኝ ሁሉ መልስ አላጣም። የእናቴን እጅ ግን ወደ ጋቢዋ መልሼ ሸፈንኩት። ስትሞት ፍትሐቱ ምንም ሳይጎድል ተደረገላት፤ እኔም ከቀብሩ ስመለስ ያ ጥያቄ አብሮኝ ቤት ገባ።

አሁንም አስቀድሳለሁ፣ እጾማለሁ። ሰዉ መንግሥተ ሰማያትን ሲለምን እኔም አብሬ እቆማለሁ። ግን አስቀድሞ ውስጥ ማን እንዳለ ቢነገረኝ እወዳለሁ።