የአለባቸው ጣፊያ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴን ልጅ አጅቤ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ላቦራቶሪ ውስጥ የነበረችው ወጣት ጣቱን ወጋ አድርጋ አንዲት ጠብታ ደም ትንሽ ፕላስቲክ ላይ ጣል አደረገችና ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ ውጤቱን ነገረችን። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ትንሽም ቀናሁባት። እኔ በእሷ ዕድሜ የአንድ በሽታ ስም ለማወቅ ቄስ ደጅ ጠንቻለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከወረታ ወጣ ብላ፣ ፎገራ ሜዳ ዳር ባለች ሁለት ክፍል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆኜ ተመድቤ ነበር። መብራት የለንም። ማይክሮስኮፑ የሚሠራው ከሥሩ ባለችው መስታወት የፀሐይ ብርሃን እየተቀበለ ነው። ፀሐይ ካለ አያለሁ፤ ደመና ከሆነ እገምታለሁ። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ከሜዳው ሲሸሽና ረግረጉ መሽተት ሲጀምር፣ ትኩሳት ይዞት የሚመጣው አብዛኛው ሰው ወባ ነበረበት። ስለዚህ በደመና ቀን ሳላይ «ወባ» ብዬ የጻፍኩባቸው ወረቀቶች ጥቂት አልነበሩም። አሁንም ሳስበው አፍራለሁ።

ከእነዚያ ሁለቱ የአለባቸው ነበሩ። ሃያ ዓመት ያልሞላው ገበሬ ነው። እናቱ ወይዘሮ ይርገዱ የወባውን ክኒን ሁለት ጊዜ አስጨርሰውታል፣ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሰባት ቀን ነክረውታል፣ ጣፊያውንም በጋለ ብረት አስተኩሰውታል። ለሦስተኛ ጊዜ በአህያ ጭነው ሲያመጡት አንገቱ ቀጥኖ፣ ጣፊያው አብጦ እምብርቱን አልፏል። በቅል የያዙለትን እርጎ አሽትቶ መለሰው። የፎገራን እርጎ እምቢ ያለ ሰው ደግሞ በእኛ አገር ያስፈራል።

የዚያን ቀን ፀሐይ ነበረች። ደሙን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት፤ ወባ የለበትም። ተማሪ ሳለሁ ቆላ ወርደው ሰሊጥ የሚያጭዱ ሰዎችን ስለሚይዘው ካላዛር ተምሬ ነበር። ወባ ይመስላል፣ ካልታከመ ይገድላል።

«ቆላ ወርደህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ኧረ ወዴት!» አሉ እናቱ ቀደም ብለው። «እግሩ ኸዚህ ሜዳ ወጥቶ አያውቅም።»

አለባቸው መሬት መሬት አየ። የክሊኒኩ ኃላፊ ደግሞ፣ «ቆላ ያልረገጠን ሰው ካላዛር ብለን ጎንደር ብንልክ መሳቂያ ነው የምንሆነው» ብሎ ወረቀት አልጽፍም አለ።

እኔ ግን የልጁ መሬት መሬት ማየት ከልቤ አልወጣ አለ። በማግስቱ ጭቃውን ረግጬ የንስሐ አባቱ አባ ፈንቴ ዘንድ ሄድኩ።

«ልጄ፣ በንስሐ የሰማሁትን አንገቴ ቢቆረጥ አልነግርሽም» አሉኝ።

«ኃጢአቱን አልጠየቅሁም አባቴ። የት እንደ ነበር ነው። ካላወቅሁ ይሞታል።»

ዳዊታቸውን ገልጠው ማንበብ ያዙ። እኔም ከደጃቸው አልነሳም ብዬ ቁጭ አልኩ። በመጨረሻ መቋሚያቸውን አንስተው አብረን ወጣን። ክሊኒክ ስንደርስ እዚያው ያደረው አለባቸው ሊሳለም ሲያጎነብስ መስቀላቸውን ወደ ኋላ ሳቡት።

«ለዚች ልጅ እውነቱን ሳትናገር አላሳልምህም።»

አለቀሰ። ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወጣ ሸሽቶ መተማ ወርዷል፤ ሁለት መኸር ሰሊጥ ሲያጭድ ኖሮ የተመለሰው ታሞ ነው። ገበሬ ማኅበሩ ሲጠይቅ እናቱ «ጣራ ገዳም ዘመድ ዘንድ ነው» ሲሉ ከርመዋል።

«እንግዲህ ሰማሽ» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ። «ታሞ ሲያዩት ትተውታል። ከዳነ ይወስዱታል።»

«እንዲህ ሆኖ አጠገብዎ አይቆይም፣ እናቴ» አልኳቸው። ከዚህ የለሰለሰ ቃል አላገኘሁም።

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ልጃቸውን አዩት። «እንግዲያስ ይዳን» አሉ።

ደሙን ቀድቼ አቆየሁና ከላይ በጠለለው ውሃ ላይ ለሰገራ ናሙና ከያዝነው ፎርማሊን አንድ ጠብታ ጨመርኩበት። ሃያ ደቂቃ ቆሜ ጠበቅሁ። እንደተቀቀለ የእንቁላል ነጭ ረጋ። የካላዛር ደም እንዲህ ይረጋል፤ ሌላም በሽታ ስለሚያረጋው ግን ቆላ መውረዱን ሳላውቅ ማስረጃ አይሆንም ነበር። ብልቃጡን ኃላፊው ፊት ገለበጥኩት፤ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ብዕሩን አንስቶ ወረቀቱን ጻፈ። መተማን ግን እንዳይጽፍ ለመንኩት፤ ወረቀቱ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር እጅ ይገባልና። በጭነት መኪና አብሬው ጎንደር ሄጄ መተማ መክረሙን ለሐኪሙ በቃሌ ነገርኩት።

አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ መርፌ ተወጋ። ሲመለስ ጉንጩ ሞልቶ ነበር፤ ክሊኒክ መጥቶ ቆሞ ሳቀልኝ። በሚያዝያ ለውትድርና ወሰዱት። አልተመለሰም።

ወይዘሮ ይርገዱ በግቢያችን ሲያልፉ ባየሁ ቁጥር ከመስኮቱ እሸሽ ነበር። አንድ ቀን ግን በር ላይ ያዙኝ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«አትሸሺኝ፣ ልጄ» አሉኝ። «በቃሬዛ አልወጣም፤ በእግሩ ነው የሄደው።»

ዛሬ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ያኔ ባልመረምረው ኖሮ እናቱ በደብራቸው ቀብረውት፣ መቃብሩን ያውቁት ነበር። ይህ ሐሳብ አሁንም ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል። ቢሆንም ያ ልጅ ዛሬ በአህያ ተጭኖ ቢመጣ፣ ነገ ማን እንደሚወስደው እያወቅሁም እመረምረዋለሁ።