በበቆሎ መጋዘን የተቀዳው አልበሜ

ፍኖተ ሰላም ያለው የስቱዲዮ ባለቤት ቦክስ ጊታሬን አየና «ዘፋኙ ከኋላ እየመጣ ነው?» አለኝ። ዘፋኝ የለም፣ እኔና ጊታሬ ብቻ ነን አልኩት። ሁለት ዜማ በትዕግሥት ከሰማኝ በኋላ «መግቢያው ቆንጆ ነው፤ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለ። ጊታሬን አንጠልጥዬ ወደ ቡሬ ተመለስኩ።

እኔ ደግሞ ጥሎብኝ የምፈልገው የአንድ ሰው ጆሮ ነበር፤ የአባቴን። አባባ መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው የገዛ ልጃቸው ጊታር ሲያነሳ መቋሚያቸውን ይዘው ብድግ ይላሉ። አይቆጡም፣ አይረግሙም፤ ብቻ ይወጣሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንዲት ዜማ ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ እንዲሰሙልኝ ነው ያን ሁሉ መከራ ያየሁት።

ስቱዲዮዬ የአጎቴ የእህል መጋዘን ሆነ። የበቆሎ ጆንያ እስከ ጣራው ስለተደረደረበት የባጃጅ ጩኸት ድርሽ አይልበትም። ምን ያደርጋል፣ አጎቴ ነጋዴ ናቸው! በሦስተኛው ቀን የጭነት መኪና መጥቶ በሩ ላይ ተገተረ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ግድግዳዬን አይሽጡብኝ!»

«የምን ግድግዳ? የራሴን በቆሎ ነው የምሸጠው! ይልቅ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?»

እሳቸውም ያው! ከዚያ ወዲያ ቡሬ ውስጥ በቆሎ ገዢ እንዳይመጣ የሚጸልይ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነበርኩ። ጸሎቴም እንደ ጊታሬ ሰሚ አላገኘም። እኔ አንድ ዜማ ስቀዳ ጫኞቹ አንድ ረድፍ ያወጣሉ። ስለዚህ የአልበሙ የመጀመሪያ ዜማዎች ጋቢ የለበሱ ይመስላሉ፤ ወደ መጨረሻው ግን እየተራቆቱ ይሄዳሉ።

ለአባባ ያሰብኳት የመጨረሻዋ ዜማ ላይ ስደርስ መጋዘኑ ባዶ ቀረ። አንዲት ክር በነካሁ ቁጥር ጣራውም ግድግዳውም ይመልስልኛል። በቆሎ መጋዘን ሳይሆን ቅኔ ማኅሌት የገባሁ መሰለኝ። ንዴቴ! «እንግዲህ እንዳረጋት ያርጋት» ብዬ መቅጃውን ከፈትኩና ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ።

መሃል ላይ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ኳ። ጫኝ መስሎኝ ልሳደብ ዓይኔን ብገልጥ አባባ በሩ ላይ ቆመዋል። ለካ አጎቴን ፍለጋ መጥተው ኖሯል። መቋሚያቸው ሲሚንቶውን ይመታል፤ ያውም ምቱን ሳይስት። ሁለት ቦታ ተሳሳትኩ። ግን አላቆምኩም፤ ካቆምኩ ይወጣሉ።

ጨረስኩ። የመጨረሻው ድምፅ ከጣራው እስኪጠፋ ጠብቄ መቅጃውን ዘጋሁ። አሁን ያችኑ የሁሉንም ሰው ጥያቄ ይጠይቁኛል አልኩ በሆዴ።

አባባ ጣቶቼን ትክ ብለው አዩና «አለቀ እንዴ?» አሉኝ።