ሆድም ይሰንፋል?

ዛሬ ምሳዬን ሁለቴ እንደጎረስኩ ሆዴ ጥግብ አለ፤ ስኳሩ ነው። ሳህኑን ገፋ ሳደርግ አባቴ ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ፣ ቆቦ ልጅ ሳለሁ፣ እሱንም ስኳር ይዞት ነበር። ከገበያ ገብቶ የማሽላ እንጀራው ሲቀርብ፣ ጥቂት ጎርሶ እጁን ይሰበስባል። እናቴ ታዲያ፣ «ደግሞ ከማን ቤት በልተህ መጣህ?» ብላ በነገር ትወጋዋለች።

«ኧረ የጠዋቱ ቂጣ ገና አልወረደም» ይላል ሆዱን እያሻሸ። «ሐኪሙም ስኳሩ ሆድህን አስንፎታል ብሎኛል።»

«ሆድም ይሰንፋል?» ትልና በግድ ታጎርሰዋለች።

እንዳይከፋት ይውጣል። አንድ ቀን ተከትዬው ብወጣ፣ ጓሮ ማሽላው መሀል ጎንበስ ብሎ ያስመልሳል። አየኝና፣ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ፤ ማጉረስ ትወዳለች» አለኝ።

ሳህኑ አሁንም ፊቴ ነው። ከማን ቤት በልተሽ መጣሽ የሚለኝ ግን የለም።