ብሎን የምታዳምጠው ተቆጣጣሪ

ስለ መብራት ተቆጣጣሪዋ የሚወራውን ካፌያችን ውስጥ ያልሰማ ካለ፣ ተኝቶ የሚጠጣ ደንበኛ ብቻ ነው። ጆሮዋን ብሬከር ሳጥን ላይ ጣል ስታደርግ የላላው ብሎን ራሱ «እዚህ ነኝ» ይላታል አሉ። ባሏ ጓዳ ገብቶ ከረሜላ ቢልጥ ደጅ ሆና ጣዕሙን ትነግረዋለች አሉ። አንድ ጊዜማ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ፣ ፎቅ ላይ ያለ የላላ ሶኬት ሰምታ ሾፌሩን አስቁማዋለች። «እትዬ ጆሮ» የሚለው ስም ከሰማይ አልወረደላትም።

ፀጉር አስተካካዩ ግን አልዋጥልህ አለው። ብሎን ምን አፍ አለውና ነው የሚናገረው ቢል፣ የሰው ጆሮ ሲሸርፍ የሚውል ሰው ስለ ጆሮ ምን አገባው ተባለ። ቢሆንም ነገሩ ሁላችንንም ይከነክነን ጀመር። ቅዳሜ ጠዋት ተቆጣጣሪዋ ከካፌው ጎን የተከፈተውን ላውንደሪ ልትፈትሽ ስትመጣ፣ ብርጭቋችንን እንደያዝን በሩ ላይ ተኮለኮልን።

የላውንደሪው እመቤት ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልብስ በእጇ ስታጥብ የኖረች ናት። ማሽኖቹ እስከ ሰኞ ካልሠሩ አከራዩ ክፍሉን ለጫማ ሰፊ እሰጣለሁ ብሏታል። ሽቦውን የዘረጋላት የልጇ ባል ነው።

ተቆጣጣሪዋ ዋናውን ማጥፊያ አጠፋች፤ በመሞከሪያዋ አረጋገጠችና ክዳኑን ከፈተች። እያንዳንዱ ብሎን ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል። የባለሙያ ልማድ ነው፤ ብሎን በልኩ ከጠበቀ በኋላ ከራሱ እስከ መቀመጫው ቀለም ይሰመርበታል፣ ከተንቀሳቀሰ መስመሩ ይሰበራል። ልጁ የሚስቱን የጥፍር ቀለም ስለተጠቀመ ሳጥኑ ሊዳር የተዘጋጀ ይመስል ነበር።

አንገቷን ጠመም አድርጋ ጆሮዋን አስጠጋች። የካፌው ሬዲዮ ተዘጋ። ዝንቧ እንኳ መብረሯን ትታ በእግሯ ሄደች።

ከዚያ ልኩ ላይ ሲደርስ ቀጭ የሚለውን ካቻቢቴዋን አነሳች። ቀጭ። ቀጭ። የትልቁ ማሽን ወፍራም ሽቦ ላይ ስትደርስ ግን ቀጭ የለም፤ ብሎኑ ዞረ፣ ቀዩ መስመርም ለሁለት ተከፈለ።

«ልጄ፣ ያስቀደምከው የትኛውን ነው? ማጥበቁን ወይስ መቀባቱን?»

ልጁ ከቀለሙ ብሶ ቀላ። ሚስቱ ቀለሟን ቶሎ መልስልኝ ስላለችው ማጥበቁን ሳይጨርስ ሁሉንም ቀብቶ፣ የቀረውን ሊያጠብቅ ሲል ለምሳ ተጠራ። ሲመለስ ሁሉም ቀይ ነው፤ ጨርሻለሁ ብሎ ዘጋው።

«ምሳ ብላ አልኩ እንጂ ሥራህን ብላው አልኩ እንዴ?» አለች አማቱ።

ተቆጣጣሪዋ አልፈርምም አለች። የእመቤቲቱ እጅ ቀሚሷን ጨመደደ። ከእኛ ጋር በሩ ላይ የቆመው የጫማ ሰፊው ዘመድ ግን ፊቱ በራ።

ግን ተቆጣጣሪዋ አልሄደችም፤ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። ልጁ ቀለሙን ሁሉ እንዲጠርግ፣ አንድ በአንድ እንዲያጠብቅ፣ እያጠበቀም እንዲያሰምር አዘዘችው። እስኪጨርስ ለእኛ እንዲህ ስትል አስረዳችን፦ የላላ ሽቦ ይሞቃል፣ ልባሱን ያቀልጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚጮኸው ባለቤቱ ነው።

ሁሉንም እንደገና ነካክታ ፈረመች። ትልቁ ማሽን ሲዞር እመቤቲቱ ክቡ መስታወት ላይ ግንባሯን ለጠፈች፤ ሰው ልብስ ሲታጠብ እንዲያ ሲያይ አይተን አናውቅም።

ፀጉር አስተካካዩ አላስችል ብሎት ተጠጋና በዝግታ፣ «እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ብሎኑ ምን አለዎት?» ሲል ጠየቃት።

እሷም ዞራ ሌላኛውን ጆሮዋን ሰጠችው። ጥያቄውን አስደገመችውና፣

«ብሎን አይናገርም። አንገቴን የማጣምመው መነጽሬ የቅርቡን በታች በኩል ብቻ ስለሚያሳየኝ ነው። ሁሉንም በእጄ ነው የምሞክረው። ሳጥኑ ላይ በማስጠጋው በዚያኛው ጆሮዬ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ምንም አልሰማም» አለችው።